የመርከብ ከተማዋና የፎርማኑ ውሃ ልክ

ቅዳሜ ንጋት፣ ቪከሪ ሜዶ፣ ዳላስ

በቦታው የነበርነው እነዚህ ነን። አቶ ግርማ በቫኑ የፊት በር አጠገብ፣ እጃቸውን እጀታው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ የፊተኛው ወንበር የማን እንደሆነ ሳይናገሩ ማሳወቃቸው ነው። ወይዘሮ የሺ ከኋላ፣ በተከፈተው የዕቃ መጫኛ ፊት፣ የምግብ ማቀዝቀዣ ኩለራቸውን በእግራቸው ደግፈው። ሾፌራችን ሳሙኤል ከመብራቱ ምሰሶ ሥር፣ በአንድ እጁ ቡና በሌላው ስልክ ይዞ። እኔ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ፣ ከሦስቱም ፈንጠር ብዬ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ሌላ ሰው እንዲኖር ግን ታስቦ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የአረጋውያን ኅብረት በዓመት አንድ ጊዜ ጉዞ ያደርጋል። ባለፈው ዓመት የሄድነው ዕቃ በቅናሽ ወደሚሸጥበት የሱቆች መንደር ስለነበር ቫኑ ሞልቶ፣ የተረፈው ሰው በራሱ መኪና ተከትሎናል። ዘንድሮ አቶ ግርማ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡና ታሪካዊ ቦታ፣ የመርከብ ሠሪዎች ከተማ፣ እንሄዳለን አሉ። ታሪክ ሲባል የአንዱ ጉልበት ታመመ፣ የአንዷ ልጅ ድንገት ከሂዩስተን መጣች፣ የቀሩት ስልካቸውን አላነሱም።

ከመንገዳችን በፊት ሰዎቹን ላስተዋውቅ። አቶ ግርማ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እዚህ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሳይሆን ሥራቸውን ማለቴ ነው። በሌክ ሃይላንድስም ሆነ በሌላው ሰፈር የተጣላ ባልና ሚስት ካለ ሳይጠሩም ይደርሳሉ። ያስታረቋቸው ብዙ ናቸው። ታርቀው የቆዩት ስንት እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ወይዘሮ የሺ ከአረጋውያን መንከባከቢያ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሰው ፊት ላይ ሐዘን ካዩ ወይ ያበሉታል ወይ ይዋሹለታል። ሳሙኤል የአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን የሚያመላልስ ጎልማሳ ነው፤ የዕረፍት ቀኑን የሰጠን እናቱ ስላዘዘችው ነው። እኔ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር ስገፋ ስለኖርኩ የሌላውን ሰው ጉዞ ማየት ልማዴ ነው። የራሴን እንድጽፍ ያዘዘኝ የማኅበረሰባችን ጋዜጣ አዘጋጅ ነው።

«ማዘር፣ ሌላ ሰው እንጠብቅ?» አለኝ ሳሙኤል።

«አቶ ግርማ እስኪጸልዩ የሚመጣ ይመጣል» አልኩት።

አቶ ግርማ ለመንገዱ፣ ለሞተሩ፣ ለጎማው፣ ለአሜሪካ መንግሥትና በመጨረሻም ላልመጡት ጸለዩ። ጸሎቱ ሲያልቅ ነግቷል። የመጣ ሰው የለም።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንሄዳለን። መንገዱ በመንገድ ላይ፣ ያም በሌላ መንገድ ላይ ተደራርቧል። መጋዘን፣ መጋዘን፣ የገበያ አዳራሽ የሚያህል ቤተ ክርስቲያን፣ ደግሞ መጋዘን። በየማስታወቂያ ሰሌዳው አንድ ጠበቃ ጣቱን ይቀስርብናል። ከዚያ ከተማው ያልቅና ሜዳ ይሆናል፤ ጥቁር ላሞች፣ የድርቆሽ ጥቅሎች፣ ርችት የሚሸጥባት የተዘጋች ደሳሳ ጎጆ። ነዳጅ የቀዳንበት ማደያ እኔ ከተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይበልጣል፤ መጸዳጃ ቤቱም የበለጠ ንጹሕ ነው።

ወይዘሮ የሺ ቅቅል እንቁላል፣ ቆሎና በፎይል የተጠቀለለ ጥብስ ፍርፍር እያከታተሉ ወደ ፊት ያቀብላሉ። አልበላም ያለ ሰው ሁለት ይሰጠዋል።

ሳሙኤል ስልኩን ደጋግሞ ያያል። «ጋሽ ግርማ፣ ይቅርታ፣ ማለቴ፣ እዚህ አካባቢ መርከብ ማን ይሠራል? ጂፒኤሱ ውሃ አያሳይም።»

አቶ ግርማ ወንዙ ትሪኒቲ እንደሆነ፣ ትሪኒቲ ማለትም ሥላሴ እንደሆነ፣ በሥላሴ ስም የተጠራ ወንዝ ደግሞ መርከብ እንደማያጣ አስረዱት።

«ኦኬ። ግን እኮ ዳላስ ላይ በየቀኑ በድልድይ አልፈዋለሁ» አለ ሳሙኤል። «ከላይ ሲታይ ሣር ነው።»

አቶ ግርማ ከወይዘሮ የሺ እጅ እንቁላል ተቀበሉ። ልጠው በሉ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ከተማዋ

የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቿ አላስቀየሙኝም። መግቢያዋ ላይ «የመርከብ ሠሪዎች ከተማ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ። የውሃ ማማዋ ላይ ሰማያዊ መልሕቅ ተሥሏል። የትምህርት ቤቱ የኳስ ቡድን «አድሚራሎቹ» ይባላል። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ የመርከብ መሪ ተሰቅሏል፤ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ዓሣ ነባሪ አለ። ባሕሩ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ወንዙን ማየት ፈለግን። ሳሙኤል ድልድዩ አጠገብ ፓርክ አደረገና ወርደን ቁልቁል ተመለከትን። ቡናማ ውሃ፣ አንድ ጎማ፣ ሁለት ኤሊዎች። አንደኛው ኤሊ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር፤ አልዋኘም፣ በእግሩ ነው የሄደው።

«ሲሞላ ሌላ ነው» አሉ አቶ ግርማ።

እኩለ ቀን፣ ሙዚየሙ

ሙዚየሙ ድሮ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የነበረ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። መግቢያው በፈቃደኝነት ነው ይላል፤ ከሥሩ አምስት ዶላር ተብሎ ተጽፏል። የምትጠብቀን አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ነበሩ ልበል እንጂ፣ ዕድሜያቸው ከእኔ ያልፋል። ሚስ ዶሪስ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ። በደመወዝ አይደለም የሚሠሩት፤ ሌላ የሚከፍት ስለሌለ ነው የሚከፍቱት። ዓመቱ ሲያልቅ ቤቱ ተዘግቶ የጥፍር ማሳመሪያ እንደሚሆን ከሰላምታ ቀጥሎ ነገሩን።

ታሪኩን እንዳሉት ላስፍር። ከመቶ ዓመት በላይ ይሆናል፤ የከተማዋ መሥራች የጥጥ ነጋዴ ነበር። የባቡሩ ዋጋ ቢያበሳጨው ጥጤን በወንዝ እስከ ባሕር አወርዳለሁ አለ። ወንዙን ያየው በሞላበት ወር ነው። በቀሩት ወራት በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ አሠራ። አገር ተሰበሰበ፣ ማርሽ ባንድ መጣ፣ ንግግር ተደረገ፤ መርከቧ ተገፍታ ገባችና ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ዝናብ ተጠበቀ። ዝናቡ ሲመጣ ወንዙ መርከቧን አንስቶ የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ አስቀመጣት። ገበሬው ድርቆሽ ከተተባት።

ሚስ ዶሪስ ይህን ሲናገሩ አልሳቁም። አቶ ግርማም አልሳቁም፤ መሥራቹ ባለ ራዕይ እንደነበር በዳይሬክተር እንግሊዝኛቸው አመሰገኑ። ሳሙኤል የድሮ መልሕቅ የሚመረምር መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ የነጋዴው የልጅ ልጅ የፋይበርግላስ ፋብሪካ ከፈተ። ሁለት ዓሣ አጥማጅና አንድ የቢራ ኩለር የምትይዝ ጀልባ ነበር የሚሠራው። በዚህ ከተማ ግን ጀልባ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም መርከብ ነው። ለቴክሳስ ሐይቆች ብዙ ሸጡ። በመጨረሻ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሰሌዳው ቀረ።

ሚስ ዶሪስ ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ከዳላስ አልናቸው። ከዚያ በፊትስ አሉ። አቶ ግርማ ኢትዮጵያ ብለው ታሪካችንን ከመጀመሪያው ሊጀምሩ ሲሉ ሴትየዋ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ይህን ሲያደርግ ያየሁት የመጀመሪያ ሰው ናቸው። ወደ ጥግ ወሰዱን።

ጥጉ ላይ የመስተዋት ሣጥን አለ። ውስጡ አንድ የእንጨት ውሃ ልክ ተጋድሟል፤ አናጺ ወለል መስተካከሉን የሚያይበት፣ መሐሉ ላይ ፈሳሽና አረፋ ያለበት መሣሪያ። ጫፎቹ በነሐስ ተለብጠዋል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «የፎርማኑ ውሃ ልክ» ይላል። ሌላ ምንም አይልም።

ፎርማኑ፣ የፋብሪካው የሠራተኞች አለቃ፣ የሚስ ዶሪስ አባት ነበሩ። ውሃ ልኩን ከአባታቸው ወርሰውት ማንንም አያስነኩም ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ዳላስ ካሉ ስደተኞች ጥቂቶቹ በአንድ መኪና እየተመላለሱ በፋብሪካው ሲሠሩ፣ ከእነሱ አንዱ ታደሰ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነበር። የአባቱን ስም ሚስ ዶሪስ አያውቁም። እሳቸው ያኔ የፋብሪካው ጸሐፊ ነበሩ። ታደሰ የጀልባ ወለል ሲያለብስ ስንጥቅ አይገኝበትም ነበር አሉ፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር አሉ።

አንድ ቀን ውሃ ልኩ ጠፋ። ፎርማኑ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው ውስጥ አሰለፉና ታደሰን ከሰልፉ አወጡት። ምግብ መያዣውን ፈተሹ፤ ጫማውን አስወለቁት። ምንም አልተገኘም። ቢሆንም አባረሩት። ዳላስ የሚመለሰው መኪና እስከ ማታ ስለማይነሣ በር ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። ሚስ ዶሪስ በመስኮት ያዩት ነበር። አልወጡም።

አባትየው ከሞቱና ፋብሪካው ሊዘጋ ከተቃረበ በኋላ አንዲት አሮጌ ጀልባ ለጥገና መጣች። ወለሏን ሲቆርጡት ውሃ ልኩ ከሥር ተገኘ። ያንን ወለል የዘጉት ፎርማኑ ራሳቸው ነበሩ፤ መሣሪያቸውን ከውስጥ ትተው በላዩ ደፍነውበታል።

ሚስ ዶሪስ ታሪኩን እዚህ ጨረሱ። ከዚያ ወደ አቶ ግርማ ዞሩ። «ታደሰን ያውቁታል?»

ዳላስ ውስጥ በማንኛውም የገበያ አዳራሽ ታደሰ ብሎ የተጣራ ሰው ብዙ ራስ ያዞራል። አቶ ግርማም ሊሉ የፈለጉት ይህንን ይመስለኛል። ያሉት ግን «ታደሰ? እንዴታ» ነበር።

ሚስ ዶሪስ የአቶ ግርማን እጅ ያዙ። እንባቸው መጣ። በሕይወት አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ ግርማ ወደ እኛ አዩ። ለመመለስ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሌላ ታደሰ መሰለኝ ማለት ይቻል ነበር። እኛ ዘንድ ግን የሚያለቅስ አረጋዊ እጅህን ይዞ ሳለ እንዲህ አይባልም።

«ደህና ነው በሏቸው እንጂ» አሉ ወይዘሮ የሺ በአማርኛ። «አያሳዝኑም?»

ደህና ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል። ታደሰ ፎርት ወርዝ ቤት ገዛ። ነርስ የሆነች ልጅ ወለደ፤ ይህቺ የወይዘሮ የሺ ስጦታ ናት። ሦስት የልጅ ልጆችም ተጨመሩለት። ሚስ ዶሪስ እያንዳንዱን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ቀለም ተመለሰ። በመጨረሻ ያንን ጥያቄ ጠየቁ። ይቅር ይላቸው ይሆን?

አቶ ግርማ ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያ ሲያወልቁ ሽምግልና ተጀመረ ማለት ነው። በአገራችን ሽማግሌ ለተበደለው ሰው ሊናገር እንደሚችል፣ ሽማግሌ ያለውንም ማንም እንደማያፈርስ አስረዷቸው። ታደሰን ወክለው ይቅር አሉ። እኛም ሁላችን በአንድ ድምፅ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንድንል አዘዙን። ወይዘሮ የሺ እያለቀሱ አሉ። ሳሙኤል አጉረመረመ። እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ አይሆንምም አላልኩም።

ሚስ ዶሪስ ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው ሣጥኑን ከፈቱ። ውሃ ልኩን በመሐረብ ጠርገው በሁለት እጃቸው ለአቶ ግርማ ሰጡ። ለታደሰ ነው አሉ፤ ሙዚየሙ ከመዘጋቱ በፊት እሱ እጅ መግባቱን ማየት ነበር የቀራቸው። አቶ ግርማም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ምግብ ቤቱ

ምግብ ቤቱ «ወደቡ» ይባላል። ጣሪያው ላይ መረብ ተዘርግቷል፤ አስተናጋጇ የመርከበኛ ኮፍያ አድርጋለች። የምንበላው የተጠበሰ አምባዛ ከዚህ ወንዝ ነው ወይ ብዬ ብጠይቃት ሳቀች፤ በረዶ ሆኖ በካርቶን ነው የሚመጣው።

አቶ ግርማ ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። አረፋው ወደ ጥግ ሸሸ። ጠረጴዛው ዘመም ያለ መሆኑን አስተዋሉና ለአስተናጋጇ ነገሯት።

«ጋሽ ግርማ፣ የትኛው ታደሰ ነው ግን?» አለ ሳሙኤል። «ሊሙዚን የሚነዳው?»

«እሱ አይደለም።»

«ሶ፣ ያ የኢንሹራንሱ?»

«እሱ የመጣው በቅርብ ነው።»

«ታዲያ ማነው?»

«ይገኛል» አሉ አቶ ግርማ። «በየቤተ ክርስቲያኑ እናስነግራለን። በየመስጊዱም እንጠይቃለን። ታደሰ የሚባል ሰው በቴክሳስ አይጠፋም።»

ወይዘሮ የሺ፣ ካልተገኘ የኅብረቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል አሉ። ነሐሱ ሲወለወል ወርቅ ይመስላል። አቶ ግርማ ሐሳቡን አልጠሉትም፤ ከሥሩ የጉዟችን ታሪክ አጭር ጽሑፍ ሊኖረው እንደሚገባ ተናገሩ።

እኔ ዓሣውን ትቼ ስለዚያ ሰው አስብ ነበር። ፎርማኑ ሳይጠይቁት አባረሩት። እኛ ደግሞ ሳንጠይቀው አስታረቅነው። ሁለት ጊዜ በሌላ ሰው አፍ ተፈረደበት፤ ሁለተኛውን ያደረግነው የገዛ አገሩ ሰዎች ነን፣ ያውም ምሳችንን ሳንበላ።

«ያንን ዕቃ ይስጡኝ» አልኳቸው።

አቶ ግርማ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ለምን?»

«ልመልሰው።»

«ወይዘሮ አስካለ፣ ሴትየዋ ስንት ዓመት ተሸክመውት የኖሩትን ዛሬ አወረዱ። ይህንን ማፍረስ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለእኔ ምንም።»

«ሽምግልና እኮ እንዲህ ነው። አንዳንዱን እናለሰልሳለን። ያለዚያ ሰው አይታረቅም።»

«ሽምግልና ሁለት ሰው ይፈልጋል» አልኳቸው። «እኛ ያገኘነው አንድ ነው።»

ወይዘሮ የሺ እጄን ያዙኝ። ሴትየዋ የዛሬ ዓመት ይኑሩ አይኑሩ አይታወቅም፣ ደስ ብሏቸው ይሙቱ አሉኝ። በሴትየዋ ደስታ እንደማልቀና፣ ደስታው ግን ለታደሰ የተሰጠውን ዕቃ ወስደን የእኛን ግድግዳ ማስጌጫ ካደረግነው የእሳቸው ሳይሆን የእኛ እንደሚሆን ነገርኳቸው። ከዚህ በላይ መናገር አልወድም። ውሃ ልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። ካሰብኩት በላይ ይከብዳል።

አቶ ግርማ አልከለከሉኝም። ከእንግዲህ በሽምግልና ላይ እንዳልቀመጥ ብቻ መከሩኝ። ተቀምጬም አላውቅ።

ሳሙኤል ቁልፉን አንስቶ ተነሣ። «ማዘር፣ ላድርስዎት። እነሱ ይብሉ።»

 ሙዚየሙ ጋ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ አቆመና ልግባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አትግባ አልኩት።

ሙዚየሙ፣ ከመዘጋቱ በፊት

ሚስ ዶሪስ ባዶውን የመስተዋት ሣጥን በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ፤ ውሃ ልኩን ሲያዩ ፈገግታው ቆመ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«አቶ ግርማ ታደሰን አያውቁትም» አልኳቸው። «ማናችንም አናውቀውም።»

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ቆየት ብለው «ልጁስ?» አሉኝ። «ነርሷ?»

«አላውቅም። መኖሯንም አላውቅም።»

«የልጅ ልጆቹስ?»

«እነሱንም አላውቅም» አልኳቸው።  ለምን እንደዋሸናቸው አልጠየቁኝም። እኔ ግን ነገርኳቸው፤ በእኛ ዘንድ ያዘነ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ እዚህም አለ አሉ፤ አባታቸው ሲቀበሩ አንድም ሰው ስለ ታደሰ አላነሣም።

ውሃ ልኩን ወደ ሣጥኑ መለሱት። ያቺን ጽሑፍ አነበቧት፣ እኔም አነበብኳት።

«ምን ላድርገው?» አሉኝ።

«ከሥሩ ይጻፉት። የሆነውን።»

«የአባቴን ስም ጭምር?»

«የታደሰንም ጭምር።»

«ከተማው አባቴን ይወዳል» አሉ። ከተማው መርከብ ሠርቻለሁ ብሎም ያምናል ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። ሣጥኑን አልቆለፉትም፤ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ቀሩ።

«ሰውየው ይቅር ብሎዎታል ብላችሁኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ይቅር ይሉኝ ነበር?»

«የተባረርኩት እኔ አይደለሁም» አልኳቸው።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።